የመጋዘን ኃላፊያችን ኅልፈትና ባለቤታቸው እንዲጨመር የለመኑት አንድ መስመር

ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች፣ ለከተማው ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ እንዲሁም ይህን መግለጫ በከተማው ሬዲዮ ለሚከታተሉ ነዋሪዎች በሙሉ፤

የከተማው የአደጋ ጊዜ ሕክምና ቁሳቁስ ማከማቻ ጽሕፈት ቤት የዋና መጋዘኑን ኃላፊ በሞት ተነጥቋል። ያረፉት በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ልብሳቸው፣ በገዛ መጋዘናቸው በር ፊት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶኛል ማለት ይጠበቅበታል፤ ተሰምቶታልም። ይሁን እንጂ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞሯል። በታክሲ ወረፋና በፋርማሲ ደጃፍ «ኦክስጅኑ ባዶ ነበር፣ መጋዘኑ ቀፎ ነው፣ ተሸጦ አልቋል» እየተባለ ነው። ስለዚህ ይህ መግለጫ እንደ ሌሎቹ በሁለት አንቀጽ አያልቅም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እንነሣለን።

ሟች ወደዚህ መሥሪያ ቤት የመጡት ገና በወጣትነታቸው፣ በጸሐፊነት ነበር። ያኔ የከተማው መጠባበቂያ የሚባለው በአሮጌ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የተከመረ ቃሬዛ፣ ፋሻና የግሉኮስ ካርቶን ነው። የጋራዡ ቁልፍ ያልነበረው ሰው አልነበረም። የቸገረው ገብቶ ይወስዳል፤ ያልቸገረውም ገብቶ ይወስዳል። ጎርፍ ከተማውን የመታ ቀን በሩ ሲከፈት የተገኘው ባዶ ካርቶንና አንድ የተቀደደ ቃሬዛ ብቻ ሆነ። ወጣቱ ጸሐፊ የቆሰለ ሰው በመጋረጃ ጨርቅ ሲታሰር፣ ጨርቁም ሲያልቅ ሰው ቁስሉን በእጁ ይዞ ሲቀመጥ አዩ። ከዚያ በኋላ የሆኑት ሁሉ ከዚያ ቀን የመጣ ነው። ይህን የምንለው ለእውነት ብለን ነው፤ ስለምንወዳቸው አይደለም።

ስለ መውደድ ከተነሣ፣ ሙት ወቃሽ አትበሉን እንጂ፣ «በባልደረቦቻቸው ዘንድ እጅግ የተወደዱ ነበሩ» የሚል መስመር በረቂቁ ውስጥ ነበረ። ሲነበብ ከኋላ ወንበር ሳቅ ስለተሰማ ተሰርዟል። ሟች ይከበሩ ነበር፤ ይፈሩም ነበር። ሲመጡ ወሬ ይቆማል፣ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ሥራ የፈታ ሰው መጥረጊያ ያነሣል። ሠራተኛው ከኋላቸው «ጋሽ እሽግ» ይላቸው ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሾፌራችን ነው። እርሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ አልፈውታል፤ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ከጎርፉ በኋላ በነበረው ዓመት። የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ጋራዡ ፈርሶ አሁን የምታዩት መጋዘን ተሠራ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት መደርደሪያ ተዘረጋበት። ቁልፉ ከሁሉም ሰው ተሰብስቦ በእርሳቸው ወገብ ላይ ተንጠለጠለ። ሣጥኑም፣ ካርቶኑም፣ የኦክስጅኑ ሲሊንደር መክፈቻ ሳይቀር በቀይ የፕላስቲክ ገመድ ታሠረ። ሕጉ አጭር ነበር፤ ቀዩ ገመድ የሚቆረጠው የአደጋ ኮሚቴው ተሰብስቦ «አደጋ ደርሷል» ብሎ ሲያውጅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው አውቶቡስ ተገልብጦበታል፣ ገበያው ተቃጥሎበታል፣ ተቅማጥ ገብቶበታል። ኮሚቴው በየጊዜው ተሰብስቧል። ተስማምቶ ሲነሣ ግን የሚድነው ድኖ፣ የሚሞተው ሞቶ ስለሚያገኘው እስከ ዛሬ አንድም አደጋ አላወጀም።

የጓንት እጥረት በነበረበት ዓመት። የሆስፒታሉ አዋላጅ ራሳቸው መጥተው አንድ ካርቶን ጓንት ለመኑ። ሟች በሩን ከፍተው እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ጓንት አሳዩዋቸው። ለማስጎምጀት አልነበረም፤ ከተማው ባዶ እጁን እንዳልሆነ እንዲያውቁላቸው ነው።

«ይኸው አለ። ግን ለአደጋ ነው» አሏቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ዘንድ እኮ በየቀኑ ነው አደጋ» አሉ አዋላጇ።

«እሱ ሥራ ነው እንጂ አደጋ አይደለም።»

አዋላጇ ሲወጡ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ማለታቸውን የበሩ ጥበቃ ሰምቷል። በዚያ ወር ሆስፒታሉ ጓንት እያጠበ መልሶ ተጠቀመ። የእኛ ጓንት ጊዜው ሲያልፍበት ከቀይ ገመዱ ጋር ከከተማ ውጭ ተወስዶ ተቃጠለ። ሟች በየዓመቱ መጨረሻ በዚያ እሳት አጠገብ ቆመው ካርቶኑ ወደ ነበልባሉ ሲወረወር ይቆጥሩ ነበር። ሲያበቃም «ሳይጎድል ገባ፣ ሳይጎድል ወጣ» ይሉና እጃቸውን አራግፈው ወደ መኪናው ይገባሉ። የላስቲክ ሽታ እስከ ማግስቱ ከልብሳችን አይለቅም ነበር።

ለራሳቸው ግን እንዳደሉ አይነገርም፤ ይህም ሊጻፍላቸው ይገባል። አንድ ወዛደር እጁን ቆርቆሮ ሲቆርጠው፣ የከተማው ፋሻ ሁሉ ከራሱ በላይ ተደርድሮ ሳለ፣ ሟች የገዛ ሸሚዛቸውን እጅጌ ቀድደው አሠሩለት። እንዲህ ያደረጉት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ባለቤታቸው በመሥሪያ ቤቱ የዓመት መዝጊያ ግብዣ ላይ «የሰው ባል ወር ሲደርስ ደመወዝ ይዞ ይገባል፤ የእኔ ያለ እጅጌ ይገባል» ብለው አስቀውን ነበር። ሟች አልሳቁም።

ልምምዱ በተጀመረበት ዓመት። የጽሕፈት ቤቱ ኩራት የሆነው የዝግጁነት ልምምድ የእርሳቸው ፈጠራ ነው። ሲስተር በምንላቸው ዋና ነርሳችን የሚመራ የነፍስ አድን ቡድን ተቋቋመ። በሽተኛው አሸዋ የተሞላ ጆንያ ነበር። ደወል ሲደወል ቡድኑ ቃሬዛ ይዞ ይሮጣል፣ ጆንያውን ያጋድማል፣ ደም ግፊት መለኪያውን ያስራል፣ የኦክስጅን ጭንብሉን ያጠልቅለታል፣ ሲሊንደሩን ከራስጌው ያቆማል። ከዚያ ሁሉም ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣና በአንድ ድምፅ «ዝግጁ!» ይላል። እጅ የሚነሣው ቀዩን ገመድ ማንም እንዳልነካ ዝግጁነታችንን የሚመዝኑት ገምጋሚዎች እንዲያዩ ነው። «ገመድ የነካ እጁ ይቆረጣል» ይሉ ነበር ሟች፤ እንደሚቀልዱ እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። ሥራው ካልጣማቸው አይናገሩም፤ ፊታቸው ይጠቁራል። ሲስተር ያን ሲያዩ «ድገሙት!» ይላሉ፤ ጭንብሉ ይወልቃል፣ ጆንያው ይነሣል፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ገምጋሚዎቹ በየዓመቱ «ሙሉ ዝግጁ» ብለውናል። ያ ጆንያ ለዓመታት ሲታከም አንድም ቀን አልሞተብንም።

ሽማግሌው በወደቁበት ዓመት። አንድ ልምምድ ለመመልከት የመጡ አዛውንት ፀሐይ መትቷቸው ተዝለፈለፉ። ከቡድኑ አንዲት ረዳት ነርስ ቀዩን ገመድ በጥርሷ በጥሳ ሲሊንደሩን ከፈተችላቸው። አዛውንቱ ነፍስ ዘሩና በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እርሷም በእግሯ ወደ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥበቃ ሠራተኛ ናት። የዓመቱ ውጤታችን «ከፊል ዝግጁ» ሆነ። ሟች በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አቁመዋት «አንቺ አንድ ሰው አድነሽ ከተማ ገደልሽ» አሏት። ሠራተኛው «ከፋቿ» የሚል ስም ሰጣት። በየጠዋቱ ለሟች በሩን የምትከፍተው እርሷ ብትሆንም፣ ከሁለቱ ሰላምታ ቀድሞ የሚያቀርብ አልነበረም።

አሁን ወደ ዕለቱ እንምጣ።

ጠዋት ብርድ ልብስ የጫነ መኪና ሲራገፍ ነበር። አቧራው ያፍን ነበር፤ ሟች ደግሞ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አስም ነበረባቸው። ከኪሳቸው በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት አውጥተው ጨመቁት፤ አልቋል። ደግመው ጨመቁት። ከዚያ በማራገፊያው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ሾፌራችን «ጋሽዬን አመማቸው! ኧረ ድረሱ!» ብሎ ጮኸ።

ማንም ልምምድ አልመሰለውም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው በከተማው «የቀለዱ መስሏቸው ነው» ስለተባለ ነው። ሰውየው እየታፈኑ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። የሚያለቅስም ነበረ። ቡድኑ ደወል ሳይጠብቅ ሮጠ፤ እንዲያ ሮጦም አያውቅም። ቃሬዛው መጣ፣ ተጋደሙ፣ ክንዳቸው ታሠረ፣ ጭንብሉ በአፍና በአፍንጫቸው ላይ ተደረገ፣ ሲሊንደሩ ከራስጌያቸው ቆመ። ቡድኑም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሁለት እጁን አነሣና «ዝግጁ!» አለ።

የለመደ እጅ የለመደውን ይሠራል። ከዚያ ወዲያ የሚደረግ ነገር በልምምዱ ውስጥ አልነበረም።

የሟች ፊት ጠቆረ። የጠቆረው አየር አጥተው ነው። ሲስተር ግን ያን ፊት ለዓመታት ሲፈሩት የኖሩ ሰው ናቸው፤ «ድገሙት!» አሉ። ጭንብሉ ወለቀ። ሟች ተነሡ፣ ተጋደሙ፣ ክንዳቸው ተፈትቶ ታሠረ፣ ጭንብሉ ተመለሰ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይፈጥን ነበር። እጆች ወደ ላይ ወጡ፤ «ዝግጁ!» ተባለ።

ሟች እጃቸውን ወደ ሲሊንደሩ ዘረጉ። ጣታቸው ቀዩ ገመድ ላይ ደረሰ። ሲስተር ጎንበስ ብለው እጃቸውን ይዘው መለሱላቸውና «አይዞዎት ጋሼ፣ አልነካነውም። ይኸው ይታይዎት፣ እንዳለ ነው» አሏቸው። ሊያጽናኗቸው ፈልገው ነው። ሟች ዓይናቸውን ከገመዱ ላይ አላነሡም። ሲሊንደሩ ሳይከፈት ጭንብል ብቻ የተደረገለት ሰው ያለ ጭንብል ከተቀመጠው ይልቅ እንደሚታፈን ከዚህ በፊት አስበነው አናውቅም፤ ጆንያው አልነገረንም።

ከፋቿ ከበሩ መጥታ ከቡድኑ ኋላ ቆማ ነበር። ሁሉም እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ እርሷ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ እንደነበር ብዙዎች አይተዋታል። በአምቡላንሱ የመጣው ባለሙያ ጭንብሉን አንሥቶ፣ ሲሊንደሩን አይቶ፣ «ማነው የዘጋው?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም አልዘጋውም» አሉ ሲስተር። ያን ጊዜ ገባቸው። ተንበርክከው የራሳቸውን ፊት ይመቱ ጀመር። ግን አብቅቶ ነበር። አስከሬኑ በሾፌሩ ካፖርት ተሸፈነ። በዚያ ዕለት ከእሽግ የወጣ አንድም ነገር የለም።

ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጸመ። እናታቸው በጎረቤት ክንድ ተደግፈው መጥተው ነበር። በጣም አርጅተዋል። አላለቀሱም፤ የአፈሩን መመለስ ሳይጠብቁ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ ነበር። «ልጄ አየር አገኘ?» የሚለውን። ማንንም ያዩ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ለቅሶ የደረሰውን፣ ወንበር የሚያቀርበውን፣ የማያውቁትን መንገደኛ። በሕፃንነቱ ደረቱ ሲያፍነው ታቅፈውት መስኮት ሥር ይቆሙ እንደነበር፣ ብርድም ቢሆን መስኮት ዘግተው እንደማያውቁ ይናገራሉ። ሲስተር እጃቸውን ስመው «አግኝተዋል እማማ፣ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል» አሏቸው። እናትየው ግን «አንቺ አዝነሽልኝ ነው፣ ልጄ» ብለው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

የሟች ባለቤት ወደ ጽሕፈት ቤታችን የመጡት በሣምንቱ ነው። ባል የሞተባት ሴት እንዴት እንደምትመጣ ስለምናውቅ ለለቅሶ ተዘጋጅተን ነበር። አላለቀሱም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወንበር ሲያቀርቡላቸው ቆመው ቀሩ።

«ሁሉን ሰምቻለሁ» አሉ። «በራችሁ ላይ ያለችው ልጅ ነግራኛለች። ቤቴ መጥታ፣ ከፊቴ ቁጭ ብላ፣ "የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ዜሮ ላይ ነበር፣ አልተከፈተም፣ አይቼዋለሁ፣ ዝም አልኩ" አለችኝ። ምን ላድርጋት? ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋት።»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ማዘናቸውን ገለጹ።

«ሀዘናችሁን አልፈልግም። አንድ መስመር ነው የምፈልገው። መግለጫ ልታወጡ ነው አሉ፤ በሬዲዮ ይነበባል አሉ። እዚያ ላይ ኦክስጅን ተሰጥቶት ነው የሞተው በሉ። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ጻፉት።»

«እመቤቴ፣ ይህ እኮ የመንግሥት ጽሑፍ ነው።»

«እሱን አይደል የምለው። አማቴ አትተኛም። እኔ ብነግራት "አንቺ ለልቤ ትጠነቀቂያለሽ" ትለኛለች። ጎረቤት ቢነግራት "ልታጽናናኝ ነው" ትላለች። ሬዲዮኗን ራስጌዋ አድርጋ እናንተን ነው የምትጠብቀው። "መሥሪያ ቤቱ ለማንም አያዝንም፤ እሱ ያለውን አምናለሁ" ነው የምትለው። ሰው ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ስንት ቀን ቀራት? በዚያች መስመር ትተኛ።»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ብዙዎቻችንን ነክቷል። ሲስተር በስብሰባው ላይ ቆመው «አንድ መስመር ነው፤ ማንን ይጎዳል? እኔ እፈርማለሁ» አሉ። ሾፌሩም ደገፋቸው። ቁም ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ሞቱ ካልን፣ የከተማው ሰው ኦክስጅኑ የማይሠራ ወይም ባዶ ነው ይላል፤ ወሬውም ይኸው ነው። ጋራዡን ያስታውሳል። ደግሞስ ሲሊንደሩን የሚመዝን ገምጋሚ ቢመጣ ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል፤ ወረቀታችን አንድ ሲል ሚዛኑ ሌላ ይላል።

ሲስተር ያን ጊዜ «እንክፈተውና ጥቂት ይውጣ፤ ከወረቀቱ ጋር ይስማማል» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የሟች ባለቤት በኮሪደሩ ወንበር ላይ ውሳኔ እየጠበቁ ነበር፤ በሩም አልተዘጋም። ብድግ ብለው ገቡ።

«አሁን ትከፍቱታላችሁ?» አሉ።

በየተራ አዩን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ክፈቱት። ግድ የለም፣ ክፈቱት። መስመሯን ብቻ ጻፉልኝ» አሉ፤ ለዚያች መስመር ሲሉ ይህንንም ዋጡት።

ጉዳዩ በደንቡ መሠረት ለአደጋ ኮሚቴው ቀረበ፤ ቀይ ገመድ ያለ እርሱ አይቆረጥምና። ኮሚቴው በዚህ አንድ ጊዜ ፈጥኖ ተስማማ። የአንድ ሠራተኛ ኅልፈት፣ ምንም እንኳ የሚያሳዝን ቢሆን፣ አደጋ ተብሎ ሊታወጅ እንደማይችል ወስኗል። ሟችም በሕይወት ቢኖሩ ከዚህ የተለየ አይወስኑም ነበር፤ ይህን የምንለው ለማጽናናት ነው። ባለቤታቸው ውሳኔው ሲነገራቸው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጥተዋል። በሩን የከፈተችላቸው ከፋቿ ናት። ዕለቱን አስመልክቶ በተደረገው ማጣራት በእርሷ ላይ ጥፋት አልተገኘም፤ እጇን አላንቀሳቀሰችም። ቡድኑም ልምምዱን አንድ ሳያጓድል በመፈጸሙ ምስጋና ተጽፎለታል። ሲስተር የምስጋናውን ወረቀት አልወሰዱም፤ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል።

የተነሣው አሉባልታ ከዚህ በኋላ እንዲያበቃ ጽሕፈት ቤቱ ለሕዝቡ የሚከተለውን ያረጋግጣል።

ሟች ኦክስጅን አልተሰጣቸውም። ከጭንብሉ የወጣ አየር አልነበረም። ሲሊንደሩ በማግስቱ ተመዝኖ ሙሉ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ቦታው ተመልሷል። መጋዘኑ ባዶ አይደለም፤ የጎደለ ነገር የለም። ከተማው ተረጋግቶ ሥራውን ይሥራ።

ለባለቤታቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ወላጅ እናታቸውን በተለየ ሁኔታ እናስባቸዋለን። ልጃቸውን ያሳደጉበት ድካም ለዚህ ከተማ ትልቅ ውለታ ነው። በእርጅናቸው ምክንያት ጆሯቸው እየከበደ መምጣቱን ስለሰማን፣ የሬዲዮ ጣቢያው አንባቢ ከላይ ያለውን ማረጋገጫ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ እንዲያነብላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።

የከተማው የአደጋ ጊዜ ሕክምና ቁሳቁስ ማከማቻ ጽሕፈት ቤት